ጥዶቻችንን ያለ መርዝ ላዳነልን አትክልተኛ

ግቢያችን ያሉትን ጥዶች ለታደገልን የአትክልት ባለሙያ በአደባባይ ምስጋና ይድረሰው። እግዜር ይስጥልን ወንድማችን! ዛፍ ታሞባችሁ ግራ የገባችሁም ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጥዶቹ ከውስጥ በኩል ቡናማ እየሆኑ መድረቅ ጀመሩ። ከሥራቸው ያለው አግዳሚ ወንበር ሁሌ ያጣብቃል። ቅርንጫፎቹም ጥቀርሻ በመሰለ ሻጋታ ተሸፈኑ። መጀመሪያ የጠራነው ሰው ከሩቅ አይቶ "ጠንከር ያለ መርዝ ይረጭ፣ እምቢ ካለ ይቆረጥ" ብሎን ሄደ።

ይሄኛው ግን መርጫ እንኳ አልያዘም። ነጭ ወረቀትና አጉሊ መነጽር ይዞ መጣ። ወረቀቱን ከቅርንጫፉ ሥር ዘርግቶ ቅርንጫፉን መታ መታ አደረገው። የሚንቀሳቀሱ ደቃቅ ነጠብጣቦች ቢበዙ ኖሮ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው ብሎ ይጠረጥር ነበር። እነሱን ሲያጣ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ወደ ግንዱ የቀረበውን ክፍል አሳየን። የልጣጩን ቀለም የመሰሉ ክሽክሽ የሚባሉ ደቃቅ ነፍሳት ተደርድረው የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ወንበሩን የሚያጣብቀውም እነሱ የሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ሻጋታው የሚበቅለው እሱ ላይ ነው።

ከሁሉም የገረመኝ የጉንዳኖቹ ነገር ነው። ጉንዳን ያንን ፈሳሽ ስለሚወድ ክሽክሹን ይጠብቀዋል፤ ሊበሉት የሚመጡ ነፍሳትን ያባርርለታል። ስለዚህ ግንዱን በጨርቅ ጠመጠመና ጨርቁ ላይ የሚያጣብቅ ቅባት ቀባ። ልጣጩን ስለሚጎዳ በቀጥታ ግንዱ ላይ አይቀባም። ግድግዳ የነኩትንም ቅርንጫፎች ከረከመ፤ ጉንዳኑ በዚያ በኩል እንዳይሻገር።

ከዚያ ክሽክሹን በጎማ ውሃ ከውስጥ በኩል በኃይል አጥቦ አራገፈው። ለቀረው ለዕፅዋት ተብሎ የተዘጋጀ ሳሙና ተጠቀመ። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞከረው። ቅጠሉ እንዳልተቃጠለ ካረጋገጠ በኋላ ነው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ ላይ ሌላውን የረጨው። ሳሙናው የሚገድለው በቀጥታ ያገኘውን ነፍሳት ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ኃይል ስለማይኖረው እየተመላለሰ ደገመው። የልብስ ሳሙና ግን ቅጠል ሊያቃጥል ይችላልና እንዳትሞክሩት ብሎናል።

አንድ ቅርንጫፍ ላይ ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት ትል አገኘ። እኔ ልጨፈልቀው ስል እጄን ያዘኝ። ለካ ጀርባዋ ቀይ የሆነችው ባለ ነጠብጣቧ ጥንዚዛ ልጅ ነው። እናትም ልጅም ክሽክሽ በላተኞች ናቸው። ብዙ ዓይነት ነፍሳት የሚገድል መርዝ ብንረጭ እነዚህንም እንጨርስ ነበር። እነሱ ካለቁ ደግሞ ተባዩ ብሶ ይመለሳል።

ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያም አስቆመን። እሱ የሚያበቅለው ለስላሳ ቀንበጥ ለክሽክሽ ድግስ ነው። በድርቅ ወቅት ውሃውን ከሥሩ ቀስ ብሎ እንዲጠጣ አድርጉ አለን።

ሌላው የወደድኩለት፣ የማይሆን ተስፋ አይሰጥም። ጥድ ሙሉ በሙሉ በደረቀ ቅርንጫፉ ላይ መልሶ ቅጠል እንደማያወጣ ገና ሲጀምር ነግሮናል። የደረቁት ተቆርጠዋል። የተረፉት ጫፋቸው አረንጓዴ ነው፣ ወንበሩም አያጣብቅም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቡናማው ወደ ውጭ ሳይወጣ ቶሎ ጥሩት፤ ከመምጣቱ በፊትም ምንም አትርጩ፣ ነፍሳቱን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።