ለደብረ ማርቆሱ ጎሚስታ እግዜር ይስጥልኝ

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ ወይም በዚያ በኩል የምታልፉ፣ ጎማ ልትቀይሩ ካሰባችሁ እባካችሁ መጀመሪያ እኚህን ጎሚስታ አነጋግሩ። "ስሜን አትጻፊ" ስላሉኝ ስማቸውን አልጠራም። ቤታቸው ወደ ባሕር ዳር መውጫው ላይ ነው። በራቸው ላይ ነጭ ቀለም የተቀቡ አሮጌ ጎማዎች አሉ፣ ውስጣቸው ጽጌረዳና ጤና አዳም ተተክሎባቸዋል። ያጣቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ በደንብ እጠቁመዋለሁ።

መኪናዋ የአጎቴ ነበረች። አሜሪካ ረጅም ዘመን ኖሮ ጠቅልሎ ሲገባ ይዟት የመጣ ቀይ ማዝዳ ሚያታ ናት። ሌላ አገር ኤምኤክስ-5 ይሏታል። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ጣራዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ብቅ ይላሉ። ይህች መኪና በ1989 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ መጀመሪያ የታየች ጊዜ የነበረውን ወሬ አጎቴ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፏት ግን የኋላ ጎማዎቿ ናቸው። መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው። "መሪውን አትታገይው፣ መንገዱን እሱ ራሱ ይነግርሻል" ይለኝ ነበር። ነፍሱን ይማርና፣ ሲያርፍ ቁልፏን ለእኔ ተወልኝ።

በሕመሙ ጊዜ ሸራ ለብሳ ብዙ ስለቆመች ጎማዎቿ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነበር። የግድ መቀየር አለባቸው። መከራዬ የጀመረው ያኔ ነው።

የት ከተማ እንደሆነ አልናገርም፣ የማንንም ስም ማንሳት አልፈልግም። ግን የደረሰብኝን ልናገር። አንዱ ቤት ገና ከመኪናዋ ስወርድ ሳቁብኝ። "ባልሽን ላኪውና ከእሱ ጋር እንነጋገር" አሉኝ። ባል እንደሌለኝ ነግሬ ለማስረዳት እንኳ አፌ አልታዘዘኝም፣ ትቻቸው ወጣሁ። ሌላው ቤት ደግሞ "ቸርኬው 14፣ ጎማውም 14፣ ሌላ ምን ፈለግሽ?" ብሎ የሚኒባስ ጎማ አመጣልኝ። የሚኒባስ መሆኑን ግን አልነገረኝም። በአሮጌው ጎማ ላይ ያለው ቁጥር የተለየ ነው ብዬ ብጠይቀው "ቁጥር ማንበብ የእኛ ሥራ ነው" አለኝ። አጎቴ በጨርቅ ይወለውለው የነበረውን ቸርኬ በብረት እየጎረጎረ ጫረው። ንፋሱንም ጠቅጥቆ ሞልቶ ብሩን ተቀበለኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች። መሪው ደነዘዘ። ትንሽ ጉድጓድ ስትነካ ትዘላለች። ኩርባ ላይ ጎማው ከውስጥ በኩል ይፈገፍጋል። ደምበጫ አካባቢ ካፊያ ያረጠበው አስፋልት ላይ ኋላዋ ሸሽቶ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ተመልሼ ለሻጩ ብነግረው "ጎማ አንዴ ከገባ አይመለስም፣ መኪናሽ ናት ያረጀችው" አለኝ። ዘመድ ሁሉ "ሽጫት" ይል ጀመር። ከሁሉ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አጎቴ ስለ እሷ የነገረኝን ሁሉ ማመን አቃተኝ። የሞተ ሰው ተከራክሮ አይረታችሁም። እኔም ለእሱ ቆሜ የምከራከርበት ነገር አጣሁ።

ደብረ ማርቆስ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ንፋስ ላስለካ ብዬ ነው እኚህ ሰው በር ላይ የቆምኩት። አልሳቁም። ቁጢጥ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላስቲኩን ጫን አሉት። "ልጄ፣ ይህን ማን አሰረልሽ?" አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው በሹፌሩ በኩል ያለውን በር ከፈቱ። በሩ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ያለውን አቧራ በእጅጌያቸው ጠረጉ። ትንሽ ጽሑፍ ወጣ። ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ 185/60 አር 14፣ ንፋስ 26። "ፋብሪካው እኮ ሁሉንም እዚሁ ጽፎልሻል" አሉ። ሲለኩት የእኔ ጎማዎች ከ40 በላይ ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን በር ከፍቶ ያነበበልኝ ባለሙያ አልነበረም። አንድም!

ከገባኝ ላካፍላችሁ። 185 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊሜትር። 60 የጎኑ ቁመት ነው፤ ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 14 የቸርኬው ነው፣ በኢንች። የተሸጠልኝ ጎማ ላይ 14 እንጂ 60 የሚባል የለም። መጨረሻው ላይ ሲ የምትል የፈረንጅ ፊደል አለች፤ ዕቃና ሰው ለሚያመላልስ መኪና የተሠራ ነው ማለት ነው። ጎኑ ግትር ነው፣ ቁመቱም ይበልጣል። "ፍጥነት መቁጠሪያሽ እንኳ ይዋሽሻል፣ 50 ሲልሽ አንቺ ከ55 በላይ ነሽ" አሉኝ። ስለ ጎማ ሽቦና ስለ ብዙ ነገር ደግሞ አስረድተውኛል፣ እሱን አልያዝኩትም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ግን ልብ በሉልኝ። መደርደሪያቸው ላይ ልክ የእኔ ቁጥር የሆኑ ሁለት ጎማዎች ነበሩ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃሉ። ቦርሳዬን ስከፍት "ቆይ" አሉኝ። ጎማውን አዙረው ጎኑ ላይ ያለውን አራት ቁጥር አሳዩኝ። 2311 ይላል። የፊተኛው ሁለት ቁጥር ሳምንቱ ነው፣ የኋለኛው ዓመቱ። በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ የሚቆጥር ሰው ጎማውን ሰባት ስምንት ዓመት ያሳንሰዋል። "ጥርሱ አያታልልሽ፣ ላስቲኩ አርጅቷል። ለጋሪ እሸጠዋለሁ፣ ላንቺ ግን አልሸጠውም" አሉኝ። ብሬን እጄ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ እኮ! ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እኔም አላውቅባቸውም ነበር።

ከዚያ መርካቶ ደወሉ። ነጋዴውን አራቱን ቁጥር አንብብልኝ አሉት፣ በቴሌግራም ፎቶ አስላኩ። አልወደዱትም። ሌላ ነጋዴ ዘንድ ደወሉ። የዚያኛው ገና አዲስ ነበር። አራቱም ጎማዎች በአውቶቡስ መጡልኝ። ለደላላ የለ፣ ለስልክ የለ፣ የጎማውን ዋጋና የእጃቸውን ብቻ ነው የተቀበሉኝ። የሚኒባሱን ጎማዎች ደግሞ ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር ሸጠው ብሩን ቆጥረው ሰጡኝ። ንፋስ ለማስለካት ለቆመች፣ ዘር ማንዘሯን ለማያውቋት ሰው!

ሲያስገቡም ቸርኬው እንዳይጫር ብረቱን በጨርቅ ጠቀለሉት። የድሮውን ጭረት አይተው "ይህ ያሳዝናል" አሉ። ባለቤቱ እኔ ሳልሆን እሳቸው ይመስሉ ነበር። ብሎኖቹን ትይዩ ትይዩውን እያዩ በእጃቸው አጠበቁ። ከዚያ "ደጀን ድረስ ንጂያት፣ ስትመለሺ ብሎኑን ደግሜ ላጥብቅልሽ" አሉኝ።

ከደብረ ማርቆስ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣራዋን ከፈትኩ። የጮቄ ብርድ ፊቴን መታኝ። ሉማሜን ሳልፍ ነው እጄ ላይ የሆነ ነገር የተሰማኝ። መሪው ነቅቷል! አስፋልቱ ላይ ያለውን ጠጠር፣ መንገዱ የሚያዘነብልበትን፣ ሁሉንም ይነግረኛል። ወዴት እንደምሄድ አስቤ ሳልጨርስ አፍንጫዋ ዞሯል። ኋላዋ ተከትሎ ይመጣል፣ አይሸሽም፣ አይዘልም። ደጀንን አልፌ ወደ አባይ በረሃ ጥቂት ወረድኩ። እዚያ ያለው አስፋልት በከባድ መኪናና በመሬት መንሸራተት የተጎበጠ ነው፣ የምትነዱበት ታውቁታላችሁ። መፍጠን አያስፈልግም፣ አይቻልምም። በ40 በ50 እየነዳሁ፣ ማርሽ እየቀነስኩ፣ ኩርባውን አንድ በአንድ ስገባበት የነበረኝን ደስታ በምን ቃል ልግለጸው። ከሲኖትራክ ኋላ ስቆም እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። አጎቴ አላጋነነም። ያለው ሁሉ እውነት ነው። መንገድ ዳር አቁሜ አልቅሻለሁ፣ አልዋሻችሁም።

ስመለስ ቃላቸውን ጠብቀው ብሎኖቹን ደግመው አጠበቁልኝ። ብር ሳወጣ ተቆጡኝ። አንድ ምክር ጨመሩልኝ፤ በረሃ የምትወርዱ ሁሉ ያዙት። ጎማ ሲሞቅ ንፋሱ ከፍ ይላል። እዚያ ታች ቆማችሁ አታስተንፍሱ፣ ደጋ ስትወጡና ሲበርድ ይጎድልባችኋል። ጠዋት፣ ሳትነዱ፣ ጎማው እንደቀዘቀዘ አስለኩ።

ሴት ሹፌሮች፣ በተለይ እናንተ ሂዱ። ማንም ባልሽን ጥሪ አይላችሁም። የባጃጅም ይሁን የአይሱዙ፣ ሁሉንም በእኩል ዓይን ያያሉ። ደጋግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። እሑድ አይሠሩም፣ በወሩ በ21 በማርያም ቀንም ይዘጋሉ፤ መንገድ እንዳይባክንባችሁ። ልክ የሚሆን ጎማ ካጡ ያስመጡላችኋል፣ ትንሽ ታገሷቸው።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ይህን ካነበቡልዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ለትንሣኤ ወደ ቤት ስመለስ በእርስዎ በኩል ነው የማልፈው፤ ንፋሷን ይለኩልኛል።