ጊምፕ፦ ለትንንሽ የአድናቂ ፎቶዎች የምመርጠው ሶፍትዌር

የማሪቱ ለገሰ አድናቂ የሆነ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በቴሌግራም የሚዞሩት የድሮ ፎቶዎች የክብሪት ቀፎ ነው የሚያካክሉት። አንዱ ከካሴት ሽፋን ላይ የተነሳ ነው፣ ሌላው ከቪዲዮ ላይ በስክሪንሹት የተወሰደ። ቀለማቸው ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ትንሽ ሲያጎሏቸው ይደበዝዛሉ። እዚህ ደሴ ያለን አድናቂዎች እነሱን እያጸዳን ነው የምንለዋወጠው፣ እኔ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጊምፕን፣ ማለትም በኮምፒውተር ፎቶ የሚያስተካክለውን ፕሮግራም፣ የሚያህል አላገኘሁም።

በነጻ ነው፣ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የጊምፕ 3.0 ስሪት ደግሞ ያደረጋችሁት ማስተካከያ ከፎቶው ጋር ሳይዋሃድ ለብቻው ይቀመጣል፣ በዛ ካላችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ትቀንሱታላችሁ።

ከቀለም ጀምሩ። የወሎ ዘፋኝ ፎቶ ላይ ነጠላ ወይም የሀገር ልብስ አይጠፋም፣ ነጭ መሆኑን ደግሞ ታውቃላችሁ። ሌቭልስን (ብርሃንና ቀለም ማስተካከያውን) ክፈቱና በነጭ ነጥብ መምረጫው የነጠላው ብሩህ ቦታ ላይ ተጫኑ፣ ቢጫው ይለቃል። ጥላ ያረፈበትን ከመረጣችሁ ግን ሌላው ሁሉ ይነጣል። ፊት ጠይም ከሆነ ጠይም ይቅር! አንዳንድ የስልክ አፖች ፊት እናሳምር ብለው ቆዳውን ያነጡታል፣ አንገት ላይ ያለውን ንቅሳት ሳይቀር ጠርገው ያጠፉታል፣ ይሄ እኔን በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም እኛ የምንወደው ሰው መልክ እሱ ነው።

ሻርፕ ማድረግ፣ ማለትም የደበዘዘውን ጥርት ማድረግ፣ የመጨረሻው ሥራ ነው። ሻርፕ ማድረጊያው አንሻርፕ ማስክ ሲከፈት ራዲየሱ (ከጠርዙ ምን ያህል ርቆ እንደሚሠራ የሚወስነው ቁጥር) 3 ላይ ነው፣ ለትንሽ ፎቶ ይሄ ብዙ ነው፣ ሹሩባው ዳር ዳር ላይ ነጭ መስመር ያወጣል። እኔ ከ1 በታች አወርደዋለሁ። ትሬሾልዱንም ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ጥቃቅን ልዩነቶችን እንዲያልፋቸው። ጄፔግ ፎቶን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ፣ ዝም ብላችሁ ሻርፕ ካደረጋችሁት እነዚያ ካሬዎች ጉንጭ ላይ ፈጠው ይወጣሉ። ማጎላት ካለባችሁ አስቀድማችሁ አጉሉ፣ ከእጥፍ በላይ ግን አትሂዱ፣ የሌለ ዝርዝር ከየትም አይመጣም።

የማልወድለት ነገርም አለ። ሜኑው ብዙ ነው፣ ለጀማሪ ግራ ያጋባል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈትም ያስጠብቃል። ሴቭ ስትሉት በራሱ ፎርማት ነው የሚያስቀምጠው፣ ለሰው የሚላክ ጄፔግ ከፈለጋችሁ ኤክስፖርት ማለት አለባችሁ። አብሽሩ፣ ቶሎ ይለመዳል። ስልክ ብቻ ላለው ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ይበቃዋል፣ እሱም በነጻ ነው።

ስትልኩልን ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን እንደገና ይጨምቀዋል።