«ናይለን» ተብሎ የተሸጠልኝ ባለ 8 ሚሊሜትር ገመድ በአንድ ቋጠሮ ሲመዘን

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ፣ መርካቶ ውስጥ ካለ አንድ የገመድና የሸራ መሸጫ ሱቅ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ሰማያዊና ነጭ የተጎነጎነ ገመድ 20 ሜትር አስለክቼ ገዛሁ። ነጋዴው «ንጹሕ ናይለን ነው፤ መኪና ይጎትታል» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ በግ አስሬበታለሁ፣ ቤት ስቀይር ፍሪጅና ፍራሽ ፒክአፕ ላይ አስጭኜበታለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአርባ ዓመቴ በኋላ ቋጠሮ መቋጠር ተምሬበታለሁ። ስለ ገመዱ የምሰጠው አስተያየት በአብዛኛው ከዚህ ከመጨረሻው የመጣ ነው።

መማሩን የግድ ያደረገብኝ በጉ ነው። እንደ ብዙው የከተማ ሰው የማውቀው እስር ሸምቀቆ ብቻ ስለነበረ፣ በጉን አንገቱ ላይ ሸምቀቆ አጥልቄ ከግቢው በር ብረት ጋር አሰርሁት። ማታ ውሻ ሲጮህበት እየደነገጠ በጎተተ ቁጥር ገመዱ እየጠበቀ ሄዶ፣ ባለቤቴ ደርሳ ባትጠራኝ ኖሮ በጉ ከዕርዱ በፊት ታንቆ ያድር ነበር። ሸምቀቆውን በጣቴ ማላላት ስላቃተኝ በቢላ ቆረጥሁት። ጥፋቱ የገመዱ ሳይሆን የእኔ ነበር፤ በማግስቱም አንድ ጎረቤታችን አዛውንት የተቆረጠውን ገመድ አይተው፣ «ልጄ፣ ከብት በሸምቀቆ አይታሰርም፤ ቀለበቱ ባለበት የሚቆም እስር ነው የሚያስፈልገው» አሉኝ። እሳቸው ያሉትን ዓይነት እስር ፍለጋ ስልኬን ስበረብር ያገኘሁት ባሕረኞች «ቦውላይን» የሚሉትን ቋጠሮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጫናውን የሚሸከመው የገመዱ ወገን በግራ እጅ፣ ነጻው ጫፍ በቀኝ እጅ ይያዛል፤ ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ገባ ተብሎም ትንሽ ቀለበት ይበጃል። ቀለበቱ ሲበጅ ወደ ጫፉ የሚሄደው ገመድ ከላይ፣ ጫና የሚሸከመው ከሥር መዋሉ ወሳኝ ነው። ከዚያ ጫፉ የሚታሰረውን ነገር ዞሮ ይመጣና ከቀለበቱ ሥር ወደ ላይ ይወጣል፣ በዋናው ገመድ ጀርባ ይዞራል፣ በወጣበት ቀለበት ተመልሶ ይገባል፤ በመጨረሻም ጫፉና አጠገቡ ያለው ገመድ አንድ ላይ ተይዘው ዋናው ገመድ በተቃራኒው ይሳባል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህንን ለልጆች ሲያስተምሩ ጥንቸል ከጉድጓዷ ወጥታ፣ ዛፉን ዞራ፣ ወደ ጉድጓዷ ስትመለስ አድርገው ይተርኩታል። እኔ ለልጄ ሳሳየው ጥንቸሏን በአይጥ፣ ዛፉን በጎጆ ምሰሶ ተክቼ፣ አይጧን የሚመልሳት ድመት ጨመርሁበት፤ ልጄ ከእኔ ቀድማ ያዘችው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ምሽት ሙሉ ቀለበቱን ገልብጬ እየሠራሁ፣ ስስበው በእጄ ላይ ሲፈታ አመሸሁ።

የገመዱ ጠባይ የገባኝ በዚያ ምሽት ነው። ላዩ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፣ ሲታጠፍም እንደ ሽቦ ተመልሶ መቃናት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትንሿ ቀለበት በጣት ተጭና ካልተያዘች ጫፉ ሳይደርስ ትበተናለች። በትክክል ከተቋጠረ በኋላም ችግሩ አያበቃም። ቦውላይን ጫና እስካለበት ድረስ አይንሸራተትም፤ ሲላላና ሲናወጥ ግን ቀስ በቀስ ሊፈታ ይችላል፣ ገመዱ አንሸራታች ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በግ ሌሊቱን ሁሉ አንዴ ሲጎትት አንዴ ሲያላላ ስለሚያድር፣ ጠዋት ቋጠሮው ተከፍቶ ጫፉ ሊያመልጥ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶት አገኘሁት። መፍትሔው ከቋጠሮው የሚተርፈውን ጫፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር ማድረግና በትልቁ ቀለበት ጎን ላይ አንድ ጊዜ ተጨማሪ መቋጠር ነው። ይህን ካደረግሁ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተፈታብኝም።

ገመዱን የማመሰግንበት ቀን ቤት የቀየርንበት ነው። ጫኝና አውራጆቹ ፍሪጁን በራሳቸው እስር ከፒክአፑ ጎን ጋር ጠፈሩት፤ እኔ በበኩሌ በሌላኛው ወገን ቦውላይን ሠርቼ እነሱ ባለ በሌለ ኃይላቸው ሳቡት። ስንደርስ የእነሱ እስር ተነክሶ በጥርስም አልፈታ ብሎ ተቆረጠ፤ የእኔን ግን በዋናው ገመድ ጀርባ የዞረችውን እጥፋት በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ ስገፋት ያለ ምንም ትግል ተላቀቀ። ከተጫነ በኋላ እንኳ በቀላሉ መፈታቱ የዚህ ቋጠሮ ትልቁ ጸጋ ነው፤ የገመዱም ልስላሴ በዚህ ጊዜ ረድቷል።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። ከጫፉ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ብጥላት ተንሳፈፈች። ናይለን ከውኃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ እንዲህ የሚንሳፈፈው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ከውኃ የሚቀልል ፕላስቲክ የተሠራው ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ናይለን ሲሳብ ይለጠጣል፣ ድንገተኛ ንጥቂያንም ይችላል፤ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ርካሽና ውኃ የማይጠጣ ቢሆንም ፀሐይ ያደክመዋል፣ በፍትጊያ ሲግልም ቶሎ ይቀልጣል። ከተረፈኝ ላይ አራት ሜትሩን ግቢ ውስጥ የልብስ ማስጫ አድርጌው ነበር፤ ከወራት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው ወገን ሻክሮ በእጅ ሲታሽ ፀጉር የመሰለ ብናኝ ማራገፍ ጀምሯል። ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ በጥቅልሉ ላይ የለም፤ ቋጠሮ ራሱም ከገመድ ጥንካሬ ሲሶውን ያህል ሊቀንስ ስለሚችል፣ «መኪና ይጎትታል» የሚለውን ቃል አምኜ መኪና አልጎትትበትም። ሰው ጣሪያ ላይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ የሚንጠለጠልበት ገመድ ደግሞ ለዚሁ ተሠርቶ የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ ይህ አይደለም።

ቋጠሮ ለመማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ይልቅ ጣት የሚያህል ለስላሳ የጥጥ ገመድ ሁለት ሜትር ይበቃዋል፤ አይንሸራተትም፣ የተሰጠውን ቅርጽም ይይዛል። የቃጫ ገመድም ቋጠሮን በደንብ ይነክሳል፤ ነገር ግን መዳፍ ይቧጭራል፣ ሲረጥብ አብጦ ቋጠሮውን አላስፈታ ይላል፣ እርጥብ ሆኖ ከተተወም ይበሰብሳል። ዕቃ ለመጫን ግን አሁንም ይህንኑ ሰማያዊውን እመርጣለሁ።

ሰሞኑን በዚያው ሱቅ ሳልፍ ገመዱ ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ለነጋዴው ነገርሁት። ጥቅልሉን ከመጠቅለል ሳያቋርጥ፣ «ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅብህ አይጠፋህም» አለኝ። ባልዲ ለሚያወጣበት ሰው እውነቱን ነው።