ኩከንሆፍ፣ ሁለቴ ሄደን ካየነው

እኔና ባለቤቴ ሆላንድ ለአገልግሎት ከመጣን ሦስተኛ ዓመታችን ነው፣ እሁድ ለኛ የሥራ ቀን ስለሆነ የምናርፈው ሰኞ ነው። ዊንተሩን ሙሉ ጨለማና ዝናብ ሲጫወትብን ከርሞ ኤፕሪል ሲመጣ ያገኘን ሰው ሁሉ "ኩከንሆፍን ሳታዩማ" ይለን ጀመር፣ ቱሊፕና ሌላም አበባ የሚታይበት ትልቅ የአበባ መናፈሻ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ቅር ብሎኝ ነበር፣ የምንኖረው ወገን ከጉሮሮው ቀንሶ በሚልክልን ገንዘብ ነው እና ለአንድ ሰው 20 ዩሮ አካባቢ ከፍሎ አበባ ማየት፣ በዚያ ላይ ትራንስፖርት፣ እንዴት ብዬ ነው ለላኪዎቻችን ፎቶውን የማሳየው?

የመጀመሪያው ጉዟችን በራሳችን ጥፋት ተበላሸ። ባለቤቴ የፋሲካ እሁድ ሰብኮ ደክሞት "ነገ እንሂድ" አለኝ፣ እዚህ አገር ግን ፋሲካ ሁለት ቀን ነው፣ ሰኞውንም "ሁለተኛው የፋሲካ ቀን" ብለው ሥራ ይዘጋሉ። ሕዝቡ ሁሉ ወጥቷል! ቲኬቱ መግቢያ ሰዓት አለው፣ ያገኘነው የከሰዓት ነበር፣ ስንገባ ከአበባው ይልቅ የሰው ጀርባ አይተን ተመለስን።

በዓመቱ ተራ ሰኞ መርጠን ኤፕሪል አጋማሽ ላይ በጠዋት ሄድን፣ ያኔ ነው ገባኝ። ቦታው 32 ሄክታር ነው፣ በየዓመቱ መኸር ላይ 7 ሚሊዮን ገደማ ሽንኩርት የመሰለ የአበባ ሥር በእጅ ይተክላሉ፣ ያውም አንዳንዱን ቦታ ደራርበው፣ ቶሎ የሚያብበውን ከላይ ዘግይቶ የሚያብበውን ከታች፣ አንዱ ሲረግፍ ሌላው እንዲተካ። ይሄ ሁሉ ድካም ክፍት ለሚሆንባት ስምንት ሳምንት ብቻ ነው፣ ከማርች ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ ከዛ በሩ ይዘጋል። የስሙ ትርጉም "የወጥ ቤት ጓሮ" መሆኑን ስሰማ ሳቅኩ፣ ድሮ ለአንዲት የመኳንንት ዘር ማዕድ አትክልት የሚለቀምበት መሬት ነበር አሉ።

ዝናብ ከያዛችሁ አትዘኑ፣ የኦርኪድ አዳራሹ ውስጥ ግቡ፣ እኔ ከዛ አልወጣም ብዬ ተጎትቼ ነው የወጣሁት። የንፋስ ወፍጮውም ላይ ውጡ፣ በፈረንጅ 1892 የተሠራ ነው፣ ወደ ኩከንሆፍ የመጣው ግን በ1957 ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ከአጥሩ ውጪ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ መስመር እስከ አድማስ ተዘርግቷል።

እና የኔ ዋና ምክር ይሄ ነው፣ ያ ከአጥሩ ውጪ ያለው በነፃ ነው! ሳይክል በሩ አጠገብ ይከራያል፣ ኩከንሆፍ ባለባት በሊሴ ከተማ ዙሪያ እርሻዎቹ መሀል መንገድ አለ። ብቻ ማሳው ውስጥ ለፎቶ ብላችሁ እንዳትገቡ፣ ገበሬው የሚኖርበት ነገር ነው፣ በጫማም በሽታ ይገባበታል። እኛ ስንደርስ አንዱ በማሽን ያበበውን ቱሊፕ አናት አናቱን እየቆረጠ መሬት ላይ ሲያራግፈው አየን፣ ደንግጬ ቆምኩ። ለካ የሚሸጠው አበባው ሳይሆን ሥሩ ነው፣ አናቱ ሲቆረጥ ጉልበቱ ወደ ታች ሄዶ ሥሩን ያወፍረዋል። ባለቤቴ ወዲያው ማስታወሻውን አወጣ፣ "ዛሬ ሰኞ ነው፣ ስብከት የለም" ብዬ አስመለስኩት (በሚቀጥለው እሁድ ግን ሰማሁት 😄)።

ገንዘብ ለሚቆጥር አገልጋይ፣ አንዴ ግቢው ውስጥ ግቡ፣ ከዛ በኋላ በየዓመቱ ሳይክሉ ይበቃል። ማርች ላይ ከሄዳችሁ ደጅ ያለው ቱሊፕ ብዙው ገና ነው፣ ቲኬቱን ኦንላይን ቀድማችሁ ግዙ፣ የጠዋት በፈረንጅ 8 ሰዓቱን፣ ከላይደን ከተማ ባቡር ጣቢያ 854 አውቶቡስ በር ላይ ያደርሳችኋል። ኤፕሪል 27 የንጉሡ ቀን የሚባል የአገሩ በዓል ነው፣ እሱንም እንደ ፋሲካው ሰኞ ዝለሉት።