ኖ ማንስ ስካይ በእጅ ሥራ ወዳጅ ዓይን

«ኖ ማንስ ስካይ» የተሰኘው የጠፈር ጨዋታ ስሙ የገነነው በፕላኔቶቹ ብዛት ነው። ብዛቱ ከ18 ቀጥሎ ሌሎች 18 አሃዞች የሚደረደሩበት ቁጥር ስለሆነ፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢዞር እንኳ ከጠቅላላው ኢምንቱን አያዳርስም። እኔ ድሬዳዋ ቤቴ ተቀምጬ፣ ከሰፌድና ከሙዳይ ስፌት ሥራዬ ጎን ለጎን ረዘም ላለ ጊዜ ከተጫወትሁት በኋላ የደረስሁበት ፍርድ ግን ሌላ ነው፤ ጨዋታው የሚጣፍጠው ከፕላኔት ፕላኔት ለሚሮጥ ሳይሆን አንዷን መርጦ ለሚሰፍርና ለሚሠራ ሰው ነው።

ጨዋታውን የሠራው በእንግሊዝ ጊልፎርድ ከተማ የሚገኘው ሄሎ ጌምስ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ ፕሌይስቴሽን 4 ለተባለው የጨዋታ ማሽንና ለኮምፒውተር የወጣው በፈረንጆቹ ነሐሴ 2016 ነው። ያን ሁሉ ፕላኔት ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ የሣለ ባለሙያ የለም፤ በዲስኩም ላይ ተቀምጠው አይገኙም። እያንዳንዱ ፕላኔት አንድ መነሻ ቁጥር አለው፤ ተጫዋቹ ሲቀርብ ማሽኑ ያን ቁጥር በሒሳብ ቀመሮች ውስጥ አሳልፎ ተራራውን፣ የሣሩን ቀለም፣ የእንስሳቱን እግርና ቀንድ እዚያው በዚያው ያወጣቸዋል። መነሻው ቁጥር ስለማይለወጥ፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለ ተጫዋችና ባሕር ማዶ ያለ ተጫዋች ወደ አንድ ፕላኔት ቢሄዱ የሚያዩት ያንኑ ተራራ ነው። ይህ አሠራር ስፌት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሰፌድ ከመሃል ተጀምሮ ዙር በዙር ሲያድግ፣ በጥቂት የአለላ (ቀለም የተነከረ የስፌት ሣር) ቀለምና በቆጠራ ብቻ ማለቂያ የሌለው ጥለት ይወጣል፤ ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ግን የሰፊዋን እጅ ከሩቅ ይለያል። በዚህ ጨዋታም ውሎ አድሮ ቀመሩ ይታወቃል፦ ሰማዩ ሮዝ ይሁን አረንጓዴ፣ ያ እንጉዳይ መሳይ ዛፍ ቀደም ሲል ሌላ ቦታ የታየው ነው። ፕላኔት ለመቁጠር የገባ ተጫዋች ቶሎ የሚሰለቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጨዋታው በወጣ ሰሞን ብዙ ተወቅሷል። ተጫዋቾች እርስ በርስ ሊገናኙ እንደሚችሉ አስቀድሞ ተነግሮ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ፕላኔት ላይ አንድ ቦታ ቆመው ሊተያዩ አልቻሉም። የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል አቤቱታዎቹን መርምሮ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ማስታወቂያው ደንብ አልጣሰም ብሎ ወሰነ፤ ድርጅቱ ደግሞ ከክርክር ይልቅ ሥራውን መረጠ። በዚያው ወር ቤት መሥራት የሚያስችለው ማሻሻያ ወጣ፤ በ2018 ተጫዋቾች በእውነት ተገናኙ፤ በ2019 የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋትና ምግብ ማብሰል ተጨመሩ። ለእነዚህ ሁሉ ተጨማሪ ክፍያ አልተጠየቀም።

ተጫዋቹ የሚጀምረው በማያውቀው ፕላኔት ላይ፣ ከተበላሸች መንኮራኩር አጠገብ ነው። ካርቦንን ከዕፅዋት፣ ፌራይትን ከድንጋይ፣ ሶዲየምን ከቢጫ አበባዎች፣ ኦክስጅንን ከቀያዮቹ ይሰበስባል። ሙቀት በበረታበት ፕላኔት ላይ የልብሱ መከላከያ እየተመናመነ ስለሚሄድ ሶዲየሙ ለእርሱ ማደሻ ይሆናል። (የድሬዳዋ ግንቦት እንዲህ ያለ ልብስ ቢኖረው እኔ የመጀመሪያዋ ገዢ ነበርሁ።) የተሰበሰበው ነገር እንዳለ ብዙ አይጠቅምም፤ በማጣሪያ ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል። ሁለት ካርቦን ገብቶ አንድ የታመቀ ካርቦን ይወጣል፤ የተጣራው ፌራይት ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ዕቃው ደግሞ ለሌላው ዕቃ አካል ይሆናል። የስፌት ሣሮቹ ስንደዶና አክርማ ከሥራው ቀድሞ መልቀምን፣ ማድረቅን፣ መሰንጠቅንና ማቅለምን እንደሚጠይቁ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል አይሰለችም። ትዕግሥት ለሌለው ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእርግጥ ከባድ ናቸው፤ የዕቃ መያዣው ጠባብነት ደግሞ ከመጠን ያለፈ ነው።

ቤት መሥራት ሲጀመር የጨዋታው መልክ ይለወጣል። የእንጨትና የድንጋይ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወለልና ደረጃ እያንዳንዳቸው ይዞራሉ፤ ይገጣጠማሉ። ሌሊት መብራት እንዲኖር ቀን ከፀሐይ የሚሰበሰበውን ኃይል ባትሪ ላይ ማጠራቀም፣ ሽቦውንም ክፍል በክፍል መዘርጋት ያስፈልጋል። እኔ የሠራሁት በሐረር ጁገል ውስጥ እንዳሉት የሐረሪ ቤቶች ነው፤ ወለሉን ከፍና ዝቅ አድርጌ ነደባዎቹን፣ ማለትም ሰው የሚቀመጥባቸውን መደቦች፣ አወጣሁ፤ ቀይ ቀለምም ቀባኋቸው። መልኩ ከጠበቅሁት በላይ ሰመረ። ይሁን እንጂ የሐረሪ ቤት ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ስፌት ከሌለው ምንም ነው፤ ጨዋታው ከሚያቀርባቸው ማስጌጫዎች መካከል ደግሞ ለዚያ የሚሆን አላገኘሁም።

ስለዚህ ነገሩን ገለበጥሁትና ከጨዋታው ወደ ስፌቱ አመጣሁት። በ2017 የተጨመረ የፎቶ መሣሪያ አለ፤ ጨዋታውን ባለበት አቁሞ ፀሐይን ወደፈለጉት አቅጣጫ ማዞር፣ ጭጋጉንም ማብዛትና መቀነስ ያስችላል። ለንድፍ የሚሆን ምስል የሚገኘው ጭጋጉ ሲቀንስና ፀሐይ ከጎን ስትመታ ነው፤ ምክንያቱም ቀለም በቀለም ውስጥ እየሟሟ የሚሄድ ሰማይ በአለላ አይሰፋም፤ ስፌት የሚፈልገው ድንበሩ የለየ ቀለም ነው። አረንጓዴ ሰማይ፣ ወይን ጠጅ መሬትና ብርቱካናማ ሣር ያላት አንዲት ፕላኔት መርጬ ቀለማቱን በሙዳይ ክዳን ላይ አወጣኋቸው። ጁገል የምትኖረው አክስቴ ክዳኑን አገላብጣ አይታ «ይህን ነው ሰማይ የምትይኝ?» አለችኝ፤ ዙሩ ግን እኩል መሆኑን መሰከረች፤ እርሷ ደግሞ እንዲሁ የምታመሰግን ሴት አይደለችም። የመንኮራኩሮቹም ቅርጽ ለካርቶንና ለሽቦ ሥራ ምቹ ነው። ክንፋቸው ቀጥ ያለ፣ ቀለማቸው የደመቀ፣ ክፍሎቻቸው ተለይተው የሚታዩ በመሆናቸው ለጀማሪም አያስቸግሩም።

በሳይንስ ልብወለድነቱ ሲመዘን ታሪኩ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለ ዓለሙ ምንነት የሚያነሣው ጥያቄ ጥሩ ሆኖ ሳለ በረጃጅም ጽሑፎች ውስጥ ተበትኗል። የተሻለው ነገር በመንገድ የሚገኙት ፍጡራን የየራሳቸው ቋንቋ ያላቸው መሆኑና ተጫዋቹ ቃላቸውን አንድ በአንድ እየለቀመ መማሩ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ገበያ እየሰማ ያደገ የድሬ ልጅ፣ ግማሹ ገብቶት ግማሹ ሳይገባው ንግድ መጨረስን እዚያም ያገኘዋል።

በእኛ ከተማ ይህን ጨዋታ በጌም ቤት መሞከር አይመከርም። ጌም ቤቶች የተሰናዱት ለአጭር የኳስ ግጥሚያ ነው፤ ይህ ግን ወራት የሚፈልግና የአንድን ሰው ሥራ ተጠብቆ እንዲቆይ የሚያስገድድ ነው። መብራት በድንገት ቢጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ከመንኮራኩር በወረዱ ቁጥር ጨዋታው ራሱ ስለሚቀመጥ፣ ግንባታ ላይ የቆየ ሰው በየመሃሉ መንኮራኩሩ ውስጥ ገብቶ መውጣትን ልማድ ቢያደርግ ይበቃዋል። በሙቀቱ ወራት ማሽኑን ከግድግዳ ራቅ ማድረግና አቧራውን በየጊዜው ማጽዳት የማንኛውም ጨዋታ ግዴታ ነው። ብቻን ለመጫወት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ማሻሻያዎቹን ለማውረድ ግን የግድ ነው።

ስለዚህም በከተማችን ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ዲስክ የሚፈልግ ሰው ሽፋኑን ልብ ይበል። በ2016 የታተመው ዲስክ የያዘው የመጀመሪያውን እትም ስለሆነ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቤት መሥራት ጨርሶ አይቻልበትም። በ2019 የወጣውና «ቢዮንድ» የሚል የተጻፈበት ግን ግንባታውንም የኤሌክትሪክ መስመሩንም አብሮ ይዟል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢገኙ፣ በዋጋ ቢበልጥም መወሰድ ያለበት ሁለተኛው ነው፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊትም ሻጩ ዲስኩን በማሽን ላይ አስነሥቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል።