ደሴ መቅረት፣ አዲስ አበባ መግባት ወይስ መመላለስ? ለሙዚቀኞች የቀረበ ንጽጽር

ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ለሙዚቃ አዲስ አበባ መግባት የሚፈልግ ሰው «ለምን?» ሲባል ብዙውን ጊዜ መልሱ «ስቱዲዮውም አቀናባሪውም እዚያ ነው» የሚል ነው። ከምክንያቶች ሁሉ ደካማው ይሄ ነው። አንድ ዘፈን ለመቅዳት የአምስት ቀን ጉዞ ይበቃል፤ ቤት መከራየት አያስፈልግም። አዲስ አበባ መኖርን የግድ የሚያደርገው የየምሽቱ ሥራ ነው፤ ከሰዓት ተደውሎ ማታ መድረክ ላይ የሚያስወጣው ዓይነት። ስለዚህ ከተማ ከከተማ ከማወዳደር በፊት «ምን ሠርቼ ነው የምከፈለው?» የሚለውን መለየት ይቀድማል።

ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር

ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር ወይም ድራም የሚጫወት ሰው ይሂድ። ባንዶች አዲስ ሰው የሚሞክሩት ማስታወቂያ አውጥተው አይደለም፤ አንዱ ተጫዋች ሲታመም ወይም ሌላ ሥራ ሲደረብበት ነው። የሚደወለው በዚያው ቀን ነው፤ ደሴ ያለ ሰው «እሺ» ቢልም 400 ኪሎ ሜትር አቋርጦ አይደርስም። ሁለት ሦስቴ ተፈልጎ ያልተገኘ ሰው ደግሞ ይረሳል። ሆኖም ከመሄዳችሁ በፊት 60 ያህል የታወቁ ዘፈኖችን ያለ ወረቀት መጫወት፣ ድምፃዊው «ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» ሲልም የኪቦርዱን ትራንስፖዝ (ቶኑን በቁልፍ የሚያወጣውንና የሚያወርደውን) ሳትነኩ መከተል መቻል አለባችሁ። ትራንስፖዝ የለመደ ኪቦርዲስት የሚጋለጠው ቀጣዩ ዘፈን ላይ መመለሱን ሲረሳ ነው፤ ቤዙ አንድ ቦታ፣ እሱ ሌላ ቦታ ይሆናሉ።

ድምፃዊ ይቅር፣ ይመላለስ። የራሱ ሥራ የሌለው ድምፃዊ አዲስ አበባ ክለብ ውስጥ የሚዘፍነው የሰው ዘፈን ነው። ያንኑ ዘፈን የሚዘፍኑ ብዙዎች ወረፋ ይዘዋል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይወርዳል። በስሙ የሚያስጠራው የለቀቀው የራሱ ዘፈን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጠይቀው ገንዘብ እንጂ የአዲስ አበባ አድራሻ አይደለም። የስድስት ወር ኪራይ፣ ቀለብና የሌሊት ትራንስፖርት ደምሩና ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለቅንብርና ለሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ) ከተጠየቃችሁት ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ኪራዩ ዘፈኑን ይበላዋል።

የባህል መሣሪያ ተጫዋችና ተወዛዋዥ ግን ሥራ ሳይዝ መሄድ የለበትም። እነ ዮድ አቢሲኒያን የመሳሰሉ የባህል ምግብ ቤቶች በአንድ ምሽት ከጎንደር ወደ ጎጃም፣ ከትግራይ ወደ ኦሮሞ፣ ከጉራጌ ወደ ወላይታ የሚያልፍ ዝግጅት ነው የሚያቀርቡት። የወሎ እስክስታንና አምባሰልን አሳምሮ መቻል በር ያስከፍታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን አያሠራም። አዝማሪ ቤት ፈልጎ የሚሄድ ሰው ደግሞ የድሮ ወሬ ይዞ እንዳይሄድ፦ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ፈርሷል፤ እዚያ የነበሩ ቤቶች ተበትነዋል፣ አንዳንዶቹም ተዘግተዋል።

መንዙማና ነሺዳ የሚሠራ ሰው ከወሎ የሚያስወጣው ምክንያት የለም። አድማጩም፣ ግጥሙን የሚያውቁት አባቶችም እዚሁ ናቸው።

የሰርጉ ወቅት

ጥር ሁለቱም ጋ ጥሩ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዐቢይ ጾም ለ55 ቀን ሲገባ የአዲስ አበባ የባህል ምሽቶችና ክለቦች ይቀዘቅዛሉ፤ ሙዚቃውን ጨርሰው የሚያቆሙም አሉ። ወሎ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተጎራብቶ ስለሚኖር ሰርጉ በአንድ ጾም አይቆምም። የክርስቲያኑ ሲቆም የሙስሊሙ ይቀጥላል፤ በረመዳን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው።

ይህ ብልጫ በየዓመቱ እኩል አይደለም። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል። በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች የካቲት ላይ በሁለት ቀን ልዩነት ስለገቡ ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ወር ያህል ሥራ የማይገኝበት ዓመት ነበር። በ2019 ዓ.ም. ግን ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ላይ ይገባል፤ እሱ ሊያበቃ ሲል የካቲት 29 ዐቢይ ጾም ይጀምራል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። እንዲህ ሲከታተሉ ለወሎ ሙዚቀኛ ጥሩ ነው፦ በረመዳኑ የክርስቲያን ሰርግ፣ ከዒድ በኋላ የሙስሊም ሰርግ ይኖራል። አዲስ አበባ ለመሞከር ያሰበ ሰውም በዐቢይ ጾም ገብቶ «ሥራ የለም» ብሎ እንዳይመለስ ከፋሲካ ማግስት ቢገባ ይሻለዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አንዳንድ የሙስሊም ቤተሰብ ድቤና መንዙማ እንጂ ኪቦርድና ጊታር አይፈልግም። ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጭናችሁ ከሄዳችሁ በኋላ የሚነሳ ክርክር ቀብዱንም ያስመልሳል።

ደሴና ኮምቦልቻም አንድ አይደሉም

ደሴ ሰርግ፣ የመንግሥት መድረክና ሬዲዮ ነው። ወሎ ባህል አምባም፣ የፋናና የአማራ ኤፍ ኤም የደሴ ጣቢያዎችም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም እዚያ ናቸው። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ ነው፤ ደመወዝ በወጣ ሰሞን ሆቴሎቹ ሞቅ ይላሉ። ሁለቱን የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን በመካከላቸው ያለውን የሀረጎ ዳገት በሌሊት ዕቃ ጭኖ መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ማታ ታክሲ አይገኝም። ስለዚህ የኮምቦልቻ ምሽት ስትስማሙ አልጋ ወይም ኮንትራት መኪና ከክፍያው ውጭ ተለይቶ ይነገር።

አየሩም መሣሪያውን ይለውጠዋል። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የተቃኘ ማሲንቆ ክረምት ላይ ደሴ ጉም ውስጥ ሲገባ ቆዳው እርጥበት ይስባል፣ ይላላል፣ ክሩን የሚሸከመው ድልድይ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የፈረስ ጭራውም ስለሚረዝም ድምፁ ይወርዳል። መፍትሔው ማጥበቅ ብቻ አይደለም፤ ላልቶ ሳለ ያጠበቃችሁት መድረኩ ሲሞቅ ከሚፈለገው በላይ ይወጣል። መጀመሪያ ቆዳውን ከከሰል ራቅ አድርጋችሁ አሙቁ፣ ቀጥሎ ቃኙ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ቃኙ። ከበሮም እንዲሁ ነው።

መመላለስ በተግባር

ዋናው ዘዴ ውሳኔ የሚጠይቀውን ሁሉ ደሴ ጨርሶ መሄድ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ግጥም የሚያስተካክል ሰው በሰዓት እየከፈለ ነው የሚያስተካክለው።

መጀመሪያ ቅኝቱንና ቶኑን (ዘፈኑ የሚነሳበትን የድምፅ ከፍታ) ቁረጡ። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ነው (ቢሞል ማለት በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ)፤ ባቲ ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። የዜማው ከፍተኛ ኖታ ሳትጨነቁ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ካልወጣ ቶኑ ከፍ ብሏል፤ በግማሽ ቶን ዝቅ አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ቀጥሎ በሜትሮኖም፣ በስልክም ቢሆን፣ ድምፃችሁን ብቻ ቀድታችሁ ቴምፖውንና ቶኑን ጽፋችሁ ለአቀናባሪው ላኩ። እሱ ረቂቅ ቅንብር ይልክላችኋል፤ በዚያ ሁለት ሳምንት ተለማመዱ።

ድምፁን ራሱን ቤት ለመቅዳት የፈለገ ኮንደንሰር ማይክና ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ዕቃ) ይዞ በ24 ቢት ዌቭ ፋይል ይቅዳ፤ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ መለኪያው ላይ ከ−6 ዲሲቤል አይለፍ። ከአፍ እስከ ማይክ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከጀርባችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ። የደሴ ክረምት ትልቁ ችግር ግን ቆርቆሮው ነው፦ ዝናብ የመታው ጣሪያ ድምፅ በኋላ አይጸዳም፤ ስለዚህ ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ ጠዋት ጠዋት ቅዱ። በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» ይሁን፤ የድምፅ መልእክት ተደርጎ የሄደ ቅጂ ታምቆ ስለሚደርስ ለሚክሲንግ አይሆንም።

ለስቱዲዮ የምትሄዱ ከሆነ አውቶቡሱ በጠዋት ተነስቶ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርጎ ቀኑን ይፈጃል። የደረሳችሁ ዕለትም፣ በማግሥቱም ድምፅ አትቅዱ፤ አቧራና እንቅልፍ ማጣት ጉሮሮን ያደርቃል። በማግሥቱ ቅንብሩን ስሙ፣ በሦስተኛው ቀን ቅዱ፣ በአራተኛው ስህተቱን አርሙ፣ በአምስተኛው ተመለሱ። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል ቀጠሮውን ሁለት ቀን አስፍታችሁ ያዙ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፤ የሚያዋጣው ሌላ ሥራ አስቸኩሏችሁ ሲሆን ነው።

ስትመለሱ የተጠናቀቀውን ዘፈን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ድምፅ የሌለበትን ቅጂና እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ በፍላሽ ተቀበሉ። አቀናባሪው ኮምፒውተር ቢበላሽበት፣ ወይም ብትኳረፉ፣ ዘፈኑን እንደገና ማስተካከል የሚቻለው በእነዚህ ነው።

ለመሄድ ለወሰነ

ከቀበሌ መሸኛ አውጡ፣ ፋይዳችሁን ያዙ። ያለ መሸኛ የነዋሪነት ጉዳይ ሁሉ ይጓተታል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ስለዚህ ለመሞከር ያህል የሚሄድ ሰው ወዲያው ቤት ከመከራየት ከሚያውቀው ሰው ጋር ደባል ሆኖ ቢጀምር ያዋጣዋል።

ብዙዎች የሚስቱት ስሌት የሌሊት ራይድ ነው። ቤት የሚረክሰው ዳር ላይ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ጀሞ ነው፤ ሥራው ደግሞ ቦሌና ሃያ ሁለት አካባቢ ሆኖ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያልቃል። የአንድ ምሽት ክፍያችሁን ከራይዱ ዋጋ ጋር አስተያዩ፤ ራይዱ ከክፍያው ሩቡን ካለፈ ዳር ያለው ቤት አልረከሰም። በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ የባንዱ ልጆች በጋራ ቢይዙ ይቀላል።

ኖታና ቲዎሪ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ጉዳይ ለብቻው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በመመላለስ አይሆንም፤ ለእሱ ሲባል መሄድ ያዋጣል።

ውሉ

ይህ ደሴ ለቀረውም አዲስ አበባ ለገባውም እኩል ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ግጥሙንና ዜማውን የሰጣችሁ ሰው «ወንድሜ፣ ውሰደው» ቢልም አስፈርሙት፤ ዘፈኑ ሲወደድ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ዘፈናችሁን በቻናሉ ሊለቅላችሁ ከሚፈልግ ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ ቅጂው የማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሰጣችሁት፣ ገቢው በመቶኛ ስንት እንደሚደርሳችሁና በየስንት ወሩ ሒሳብ እንደምታዩ ይጻፍ። «ለዘላለም» የሚል ቃል ካለ አስወጡት። የወሎ የሕዝብ ዜማ ላይ አዲስ ግጥም ከሠራችሁ የእናንተ የሚሆነው ግጥሙና ቅንብሩ ነው፤ ዜማውን በስማችሁ ብታስጽፉ ሌላውም ያንኑ ዜማ ይዞ ሲመጣ መከልከል አትችሉም።