ከወንበር ሥር የሚገባው ቤዝ ይሻላል ወይስ ባለ ሳጥኑ?

"አንተ፣ ያችን ጠፍጣፋዋን ልግዛ ወይስ ሳጥን ላሠራ?" ዘንድሮ ይህን ያልጠየቀኝ ጓደኛ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚነዱት ቪትዝ ወይም አሮጌ ኮሮላ ነው። የሁሉም ቅሬታ አንድ ነው፤ ዘፈኑ ይሰማል፣ ከበሮው ግን የለም። እኔ ሁለቱንም ገዝቻለሁ። በአንደኛው 15,000 ብር ውሃ በልቶብኛል። ስለዚህ ሳላስጠብቃችሁ ልናገር፤ ባለ ሳጥኑን ግዙ።

ጠፍጣፋው ስፒከሩም አምፑም (ድምፅ አጉሊው) በአንድ ቀጭን ቆርቆሮ ውስጥ የታሸጉበት ሳብዉፈር፣ ማለትም የከበሮውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ነው። ወንበር ሥር ይገባል። ባለ ሳጥኑ ደግሞ ስፒከሩ በእንጨት ሳጥን፣ አምፑ ለብቻው ሆኖ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ዋጋ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። እኔ የከፈልኩትን እንደ መነሻ ብቻ ያዙት። ጠፍጣፋውን በ13,500 ብር ገዛሁ። ማስገጠሚያ 1,500። ድምሩ 15,000። ለባለ ሳጥኑ ያገለገለ 10 ኢንች ስፒከር 6,500፣ ያገለገለ አምፕ 7,000፣ ለአናጢ 2,800፣ ሰባት ሜትር ገመድ በ420 ሒሳብ 2,940፣ ፊውዝ ከነቤቱ 450፣ ከቴፑ ወደ አምፑ ሲግናል የሚወስደው አርሲኤ ገመድ 400፣ የእጅ ዋጋ 1,500። ድምሩ 21,590። ልዩነቱ 6,590 ብር ነው። ጓደኞቼ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ወደ ጠፍጣፋው ያዘነብላሉ። እኔም ያኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ጠፍጣፋው ጥሩ ሠራ። እስከ ክረምት። ነሐሴ ላይ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፤ አንድ ቀን ጠዋት ጨርሶ ጠፋ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ እጄን ምንጣፉ ላይ ሳሳርፍ እርጥብ ነው። በጫማ የገባው ጭቃ አለ፣ ላቫጆ ላይ ልጆቹ ምንጣፉን ሲያጥቡ የወረደው ውሃ አለ፤ ሁሉም የሚጠራቀመው እዚያች ጠፍጣፋ ዕቃ ሥር ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ቦርዱ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በጥርስ ብሩሽና በስፒሪት አጸዳው። ከዚያ በአጉሊ መነጽር አየና ወደ እኔ አዞረው። የዋናው ቺፕ ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። ሲሠራ ጀምሮ ሆን ተብሎ የተፋቀ ነው። "ቁጥሩን ሳላውቅ ምን ገዝቼ ልተካልህ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ስፒከሩ ደህና ነበር፤ ነገር ግን ለዚያች ቆርቆሮ ልክ የተሠራ ስለሆነ ሌላ ቦታ አይገባም። ሁሉም አብሮ ተጣለ።

ባለ ሳጥኑን የምወደው ለዚህ ነው። አምፑ ቢሞት አምፑን ብቻ ትቀይራላችሁ። የስፒከሩ ኮይል፣ ማለትም ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ቢቃጠል የሚጠቀልል ሰው ከተማችን ውስጥ አይጠፋም፣ ፊቱ ላይ የሚርገበገበው ወረቀትም ይቀየራል። መኪና ስትሸጡ ፈትታችሁ ወደ ቀጣዩ ታሻግራላችሁ። ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት የለባችሁም። እኔ ስፒከሩን በአንድ ደሞዝ፣ አምፑን በሚቀጥለው ነው የገዛሁት። 6,590 ብሩን ስታስቡ ይህንንም አስቡ።

አሁን ገንዘብ የሚያቃጥለው ቦታ ላይ ልግባ። ገመድ። ሱቅ ስትሄዱ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ የታሸገ "ሙሉ ኪት" ያወጡላችኋል። እኔ መጀመሪያ 1,800 ብር ሰጥቼ ወሰድኩ። ከባትሪው ወደ አምፑ የሚሄደው ቀዩ ገመድ እንደ አውራ ጣት ይወፍራል፣ ያጓጓል። ሁለት ወር ሳይሞላ ቤዙ ሲመታ አምፑ መጥፋት ጀመረ። ኮፈኑን ከፍቼ የፊውዙን ቤት ስነካው እጄን ፈጀኝ፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ገመዱን ቆርጬ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አደረግኳት። ላይዋ ቀይ፣ ውስጧ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ይህ ዓይነቱ ገመድ በተመሳሳይ ውፍረት ከእውነተኛ መዳብ አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነው የሚያስተላልፈው። ግማሹ ውፍረት ደግሞ ላስቲክ ነበር።

ኪት ተዉ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሂዱና 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ተጣጣፊ የመዳብ ገመድ በሜትር ግዙ። ለአንድ 10 ኢንች ስፒከር ይበቃል። ከመክፈላችሁ በፊት ጫፉን በምላጭ ፋቁ። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን። ምክንያቱም ገመዱ በላሜራው ቀዳዳ ሲያልፍ ልባሱ ከተላጠ፣ ፊውዝ በሌለበት ባትሪው ያለውን ሁሉ እዚያ ነጥብ ላይ ያፈሰዋል። መኪና የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ገጣሚው "ፊውዙን ከአምፑ ጎን ላድርገው፣ ይቀለኛል" ካላችሁ እንቢ በሉ።

ስለ ዋት ደግሞ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። "2000 ዋት" የሚል አምፕ አይቻለሁ፤ ጀርባው ላይ ያለው ፊውዝ አንድ ባለ 25 አምፔር ነው። 25 በ14 ቮልት ሲባዛ 350። ከባትሪው የሚወስደው እንኳን ከዚህ አይበልጥም፣ ወደ ስፒከሩ የሚደርሰው ደግሞ ያንሳል። ይህችን ስሌት ቆጣሪው ፊት ቆማችሁ በስልካችሁ ሥሩ። ፎርጅድ ስፒከር ለመለየትም ከኋላ ማግኔቱን የሸፈነውን ጎማ ገለጥ አድርጉ። ውጭው ትልቅ፣ ውስጡ የሻይ ማስቀመጫ የምታህል ማግኔት ያለበት አጋጥሞኛል። አዲስ ፎርጅድ ከምትገዙ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል። ያገለገለ ስትገዙ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 መሃል ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። ወረቀቱን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ግፉት፤ የሚፋቅ ድምፅ ካለ ተዉት።

የጃፓን ቴፓችሁን ለመቀየርም አትቸኩሉ። የአርሲኤ መውጫ ባይኖረውም ከኋላ ስፒከሩ ሽቦ ሲግናል መቀበል የሚችል አምፕ አለ። ስትገዙ "ሃይ ኢንፑት አለው?" ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ ቴፕ የምትገዙበት ብር ይተርፋችኋል።

ከገጠማችሁ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ስልክ ደግሞ "ይፏጫል" የሚል ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ፉጨቱ ከፍ፣ ስትለቁ ዝቅ የሚል ከሆነ የዲናሞው ድምፅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አምፑን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ጥቁሩ ገመድ ላይ ነው። ገጣሚዎች ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ አስረው ይሄዳሉ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪታይ ፋቁ፣ በቡሎን አጥብቁ፣ ገመዱን ከግማሽ ሜትር አታስረዝሙ። የወንበር ቀበቶ ቡሎን ላይ ግን አትሰሩት። አርሲኤው ከቀዩ ገመድ ጋር አብሮ ከተዘረጋም ይፏጫል፤ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አሳልፉ።

ድምፅ ጨርሶ ከጠፋ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ቴስተሩን አምፑ ላይ አድርጉ። ሞተር ጠፍቶ 12.5 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር በርቶ 14 አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ ከቴፑ ወደ አምፑ የምትመጣውን ቀጭኗን ሰማያዊ ሽቦ ለኩ፤ ቴፑ ሲበራ እዚያም 12 ቮልት ከሌለ አምፑ አይነሳም። ከሦስት ጓደኞቼ የሁለቱ ችግር ይህቺ ሽቦ ናስትሮዋ ለቅቆ መውለቋ ነበር። አንዱ ግን አዲስ አምፕ ከገዛ በኋላ ነው ያወቀው። ቤዙ አለ ግን ስስ ከሆነ ደግሞ የስፒከሩን ፕላስና ማይነስ አገለባብጡና አዳምጡ። አምፑ ላይ ያለችው ጌይን የምትባለው ቁልፍ የቴፑን ሲግናል ከአምፑ ጋር ማመጣጠኛ እንጂ ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። እስከ መጨረሻ ካዞራችኋት ኮይሉ ሊቃጠል ይችላል።

ጠፍጣፋውን የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። የቪትዝ ዕቃ መጫኛ ጠባብ ነው፤ 10 ኢንች ሳጥን ግማሹን ይወስዳል። ከቦሌ ሻንጣ የሚጭን የራይድ ሹፌር ይህን አይችልም። የእህቴ ባል እንደዚያ ነው። እሱ የገዛው ያገለገለ ኦሪጅናል ነው። እኔ ስገጥምለት ሁለት ጣት ከፍታ ያላቸው ሁለት የእንጨት ዘንጎች ሥሩ አደረግኩ፣ ምንጣፉን እንዳይነካ። ላቫጆ ሲሄድ ምንጣፉን ራሱ አውጥቶ ይሰጣቸዋል፤ ውስጡን በጨርቅ ብቻ ነው የሚያስጠርገው። አንድ ክረምት አልፏል። እስካሁን ይመታል።